ሁለቱን ፍሬ ማን በላቸው?

ዛሬ ይዘን የመጣነው ወግ ስለ ኤረር ነው። ቆይ አትሽሹ! ፍቅርና ፖለቲካ የለመደ አንባቢ «ኤረር» ሲባል ገጹን ለመዝጋት እጁ እንደሚቸኩል እናውቃለን። ይሄኛው ኤረር ግን ነቀምት የተወለደና አንዲት እናት በጣታቸው ቆጥረው የያዙት ነው። ስለዚህ አምስት ደቂቃ ስጡን። (በነገራችን ላይ «እኛ» ስንል አንድ ሰው ነን። ጋዜጠኝነት ሲያስተምሩን «እኔ» የምትለዋን ቃል ከአፋችን ነቅለው ስለጣሏት ነው እንጂ ትዕቢት አይደለም።)

ነገሩ የሆነው በ2012 ዓ.ም. ነው። የዚያን ዓመት ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋረጠ። በምሥራቅ ወለጋ ደግሞ ኢንተርኔቱ ሄደና ስልክና የጽሑፍ መልእክት በትልልቆቹ ከተሞች ብቻ ቀሩ። ነቀምት ትልቅ ከተማ ናትና «ሃሎ» ማለት ይቻል ነበር። ጊምቢ ግን እሱም የለም። እስከ መጋቢት መጨረሻ፣ ሦስት ወር ገደማ፣ እንዲሁ ቆየ።

የአክስታችን ልጅ ያኔ ነቀምት አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ይሠራል። ኮምፒውተር በዲፕሎማ ተመርቋል፤ የቀን ሥራው ግን መታወቂያ ኮፒ ማድረግና ማመልከቻ መተየብ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ትንሽ የሶፍትዌር ቢሮ «የትምህርት ማስረጃህን ተወው፤ ራስህ ጀምረህ ራስህ የጨረስከውን አንድ ፕሮግራም ይዘህ የካቲት መጨረሻ ላይ ና» ብሎታል። ካልተሳካለት ከፋሲካ በኋላ አጎቱ ወፍጮ ቤት ሊገባ ለእናቱ ቃል ሰጥቷል። ወፍጮ ቤት የተከበረ ሥራ ነው። ልጁ ግን ዱቄት ያስነጥሰዋል።

የመረጠው ጨዋታ ገበታ ነው። አዎ፣ ያ መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍረን፣ ጠጠር ወይም ፍሬ እየዘራን የተጣላንበት ገበታ። አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ ዶሮዋ የምትሮጥበትን «ኩኩሉ»ን ለስልክ ሲያወጣ ገበታንም አልረሳትም። ችግሩ የገበታ ሕግ አንድ አለመሆኑ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ያሉትን የገበታ ዓይነቶች ሰብስበው ሲያሳትሙ መዓት አጨዋወት ነው ያገኙት። የኛ ልጅ የቤቱን ሕግ ያዘ፦ በሁለት ረድፍ 12 ጉድጓድ፣ በያንዳንዱ 4 ፍሬ፣ በድምሩ 48። የቤቱ ሕግ ማለት የእናቱ ሕግ ማለት ነው። እኛ «አዳዳ» ነው የምንላቸው፣ የአባታችን እህት ናቸው። ገበታ ላይ ማንም አሸንፏቸው አያውቅም። ቢያሸንፋቸውም አያምኑም።

ፕሮግራሙን በፓይተን ጻፈው። አሮጌ ላፕቶፕ፣ ባትሪው የሞተ፣ መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ። ሮጠ! ሰሌዳው መጣ፣ ፍሬዎቹ ተደረደሩ። የመጀመሪያውን ጉድጓድ ነካ፣ ሠራ። አራተኛውን ነካ፣ ሠራ። ዘጠነኛውን ሲነካ ጨዋታው ድርግም ብሎ ጠፋና በቦታው ቀይ ጽሑፍ ተዘረገፈ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ኤረር ሁሉ አንድ አይደለም። ከአዲስ አበባ የሚነሳ የነቀምት አውቶቡስ አስቡ። ከመውጣቱ በፊት ጎማው ይታያል፣ ሰነዱ ይታያል፣ ሰው ይቆጠራል። ጎማ ከጎደለው ከግቢው አይወጣም። ይሄ ሲንታክስ ኤረር ይባላል፤ አረፍተ ነገሩ ራሱ ሰዋስው አልጠበቀምና ኮምፒውተሩ «አልነሳም» ይላል። ሌላው ደግሞ ፍተሻውን አልፎ፣ አምቦን አልፎ፣ ጌዶን ወጥቶ ባኮ ሲደርስ ቀጥ የሚለው ነው። ሰነዱ ንጹሕ ነው። የጣለው መንገድ ላይ የገጠመው ነገር ነው። ራንታይም ኤረር ማለት ይሄ ነው፤ ፕሮግራሙ እየሮጠ ሳለ የሚመጣ። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው፦ ስምንት ጉድጓድ ሰላም ነው፣ ዘጠነኛው ላይ ይጥላችኋል። ስምንቱን ብቻ ሞክራችሁ «ጨረስኩ» ብትሉ ማንም አይፈርድባችሁም፤ አስረካቢው እስኪነካው ድረስ።

(ነቀምት ላይ ብቻ የሚደርስ እንዳይመስላችሁ። አውሮፓውያን ጁን 4 ቀን 1996 አሪያን 5 የተባለ ሮኬታቸውን ሲያስወነጭፉ፣ ኮምፒውተሩ አንድ ትልቅ ቁጥር ወደማይችለው ትንሽ ቦታ ሊያስገባ ሞከረና አቃተው፤ ሮኬቱ ከተነሳ 40 ሴኮንድ ገደማ በኋላ አየር ላይ ፈነዳ። የኛ ልጅ የጠፋበት የመብራት ብር ብቻ ነው።)

ወደ ወጋችን። በዚያው ሳምንት ከጊምቢ አንድ ጓደኛው መጣ። የመጣው ለጨዋታ አይደለም፤ አዲስ አበባ ላለች እህቱ «ደህና ነን» ብሎ ለመደወል 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ነው። ደወለ፣ ደህና መሆናቸውን ተናገረ፣ አልቅሳ አስለቀሰችው። ማታ ላይ ላፕቶፑን አይቶ «ይሄማ ቀላል ነው» አለ። እሱም ኮምፒውተር ተምሯል። ፓይተን ውስጥ «ትራይ» እና «ኤክሴፕት» የሚባሉ ቃላት አሉ። «ይሄን ሞክር፣ ካልሆነ ግን እንዲህ አድርግ» ማለት ናቸው። በ«ካልሆነ» ሥር «ፓስ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ትርጉሙ «ካልሆነም ዝም ብለህ እለፍ» ይሆናል። ጓደኛው ይቺን ጻፈ። ቀይ ጽሑፉ ጠፋ። ዘጠነኛው ጉድጓድ ተነካ፣ ፀጥ። ጨዋታው ሮጠ። ቡና ተፈላ።

አዳዳ በማግስቱ ሊሞክሩት ተቀመጡ። ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም፤ ልጃቸው «የትኛው?» ይላቸዋል፣ እሳቸው በጣት ያሳያሉ፣ እሱ ይነካል። አሥረኛውን ጉድጓድ አሳዩ። አራቱ ፍሬ ተነሳ። አንዱ አሥራ አንደኛው ላይ፣ አንዱ አሥራ ሁለተኛው ላይ አረፈ። ሰሌዳውን ዝም ብለው አዩና፣

«ሁለቱ የት ሄዱ?» አሉ።

«የቶቹ ሁለቱ?»

«አራት አነሳህ፣ ሁለት ዘራህ። ሁለቱን ማን በላቸው?»

ቆጠሩት። 46። ከ48 ሁለት ፍሬ ጠፍቷል፣ ማሽኑም ምንም አላለም። ምን ይበል? «ዝም ብለህ እለፍ» ተብሏል እኮ!

እኛ እንዲህ ያለውን ምክር በኮምፒውተር ተማሪዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ ሰምተናል፤ «ኤረሩን አጥፋው»። አጥፋው ሲባል ምክንያቱን ማጥፋትና ድምፁን ማጥፋት አንድ ይመስላል። ትራይና ኤክሴፕት ያለ ቦታቸው አልተፈጠሩም፤ ሊመጣ የሚችለውን ችግር አስቀድማችሁ ስታውቁትና መፍትሔውን ስትጽፉለት ግሩም ናቸው። ባዶ «ፓስ» ግን የሚያለቅስ ሕፃን ክፍል ዘግቶ እንደመሄድ ነው።

ልጁ ያንን መስመር አወጣው። ቀዩ ጽሑፍ ተመለሰ። ያን ጊዜ ነው የኛ ስልክ የጠራው።

እኛ ያኔ አዲስ አበባ የጋዜጠኝነት ተማሪ ነን፤ ስለ ፕሮግራሚንግ የምናውቀው ከሒሳብ እንደሚያስጥል ብቻ ነው። ግን ኢንተርኔት አለን። ሥራው ተከፋፈለ፦ እሱ ኤረሩን በስልክ ያነባል፣ እኛ ጉግል ላይ እንጽፋለን፣ ያገኘነውን እናነብለታለን። የመጀመሪያው ቀን አንድ የ25 ብር ካርድ ከላይኛው መስመር ላይ አለቀ። «ትሬስባክ... ሞስት ሪሰንት ኮል ላስት... ፋይል... መስመር 61...» እያለ እንደ ውዳሴ ማርያም ከላይ ይጀምራል።

በትምህርት ቤት ያስተማሩን ዜና ዋናው ነገር ከላይ ነው፤ አንባቢ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ቢተወንም ወሬውን ይዞ እንዲሄድ። ፓይተን ግን ተገልብጦ ነው የሚዘግበው። ያ «ሞስት ሪሰንት ኮል ላስት» የሚለው ራሱ «የቅርቡ መጨረሻ ላይ ነው» ማለት ነው። ዜናው የመጨረሻው መስመር ላይ ተቀምጧል፤ ከሱ በላይ ያለው ወሬው በየት በየት አልፎ እንደመጣ የሚናገር ነው። ይሄን ስናውቅ «ሙሉውን አታንብብ። የመጨረሻዋን መስመርና ከሷ በላይ ያለውን የመስመር ቁጥር በቴክስት ላክልን» አልነው። ወጪያችን ወደ ሳንቲም ወረደ።

የመጨረሻዋ መስመር «ኢንዴክስ ኤረር፦ ሊስት ኢንዴክስ አውት ኦፍ ሬንጅ» ትላለች። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ቦታ ጠይቀሃል ማለት ነው። የጋዜጠኛ ጥያቄዎች ታውቋቸዋላችሁ፤ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት። ኤረር ጎበዝ ዘጋቢ ነው፤ «ምን» እና «የት»ን በትክክል ይነግራችኋል። «ለምን»ን ግን አይነግራችሁም፤ እሱ የናንተ ሥራ ነው።

«ለምን»ን እንዲህ አገኘነው። ፓይተን መቁጠር የሚጀምረው ከዜሮ ነው። 12 ጉድጓድ ካላችሁ ቁጥራቸው ከ0 እስከ 11 ነው። ከዘጠነኛው ጉድጓድ፣ ማለትም ከቁጥር 8፣ አራት ፍሬ ስትዘሩ 9፣ 10፣ 11፣ ከዚያ 12። ቁጥር 12 የሚባል ጉድጓድ የለም። ሰው ሲጫወት እጁ ሳያስበው ዞሮ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፤ ገበታ ክብ እንደሆነ ማንም አልነገረውም፣ ያውቀዋል። ማሽኑ አያውቅም። ለማሽኑ ሰሌዳው ቀጥ ያለ መንገድ ነው፣ ጫፉ ገደል ነው። መፍትሔው በ12 አካፍሎ ቀሪውን መውሰድ ነው። 12 ሲካፈል ለ12 ቀሪው 0፣ ወደ መጀመሪያው ጉድጓድ። 13 ሲሆን ቀሪው 1፣ ወደ ሁለተኛው። ይሄን በስልክ ስናስረዳው መጀመሪያ አልገባውም፤ ከዚያ «አሃ! እንደ ሰዓት!» አለ። እንደ ሰዓት። ከ12 በኋላ 13 ሰዓት የለም፣ 1 ሰዓት ነው። አንዲት የመቶኛ ምልክት ጨመረ፣ ገበታው ክብ ሆነ።

ከዚያ በላይ የወደድነው ግን ሌላ መስመር ነው። አዳዳ ያደረጉትን ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲያደርገው አዘዘው፤ ከያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ጉድጓድ ውስጥ ያለውንና የተበላውን ፍሬ ደምር፣ 48 ካልሆነ ቁም፣ ጩህ። ፓይተን ለዚህ «አሰርት» የሚል ቃል አለው። ዝም የሚል ስህተትን አፍ ማስከፈቻ ነው።

አዳዳ ግን አልጨረሱም። «ይሄ የልጅ ገበታ ነው» አሉ። በሳቸው ሕግ የመጨረሻዋ ፍሬ ያረፈችበት ጉድጓድ ውስጥ ፍሬ ካለ፣ እሱን ሁሉ አንስቶ መቀጠል ነው፤ ባዶ ጉድጓድ ላይ ስታርፍ ብቻ ተራው ያልቃል። ተጨመረ። ማታ ቴክስት መጣ፦ «ሪከርሽን ኤረር። ያለፈው መስመር 900 ምናምን ጊዜ ተደገመ ይላል። ምን አደረግኩት?»

ጉግል እንደነገረን፣ አንድ ትእዛዝ ራሱን እየጠራ፣ የተጠራውም ራሱን እየጠራ ማቆሚያ ሲያጣ ፓይተን 1000 ገደማ ላይ «በቃኝ» ይላል። አንዳንዱ መካሪ «ገደቡን ከፍ አድርገው» ይላል። ማቆም ለረሳ መኪና ነዳጅ መጨመር! ስልኩን ዘጋን፤ ልጁ ግን ያደረገው ነገር ከጉግል በላጭ ነበር። እውነተኛውን ገበታ አወጣ። እናቱን ፊት ለፊት አስቀመጠ፣ ቡና በፍሬነት ደረደረ፣ እሳቸው ሲጫወቱ እሱ በማሽኑ ምትክ ኮዱን መስመር በመስመር ጮክ ብሎ ያነባል። የመጨረሻዋ ፍሬ አረፈች። ኮዱ «ጉድጓዱ ውስጥ ፍሬ አለ ወይ?» ይላል። አዳዳ ሳቁ።

«አሁን የጣልኳት አለች እኮ! መጣያ ሳልጥል ነው የሚታየው።»

በቃ። ማሽኑ ፍሬዋን ከጣለ በኋላ ነው የሚጠይቀው፤ ከጣለ በኋላ ደግሞ ባዶ ጉድጓድ የለም። ሁልጊዜ ቢያንስ አንድ አለ። ስለዚህ ያነሳል፣ ይቀጥላል፣ ያነሳል፣ ይቀጥላል፣ እስከ ዓለም ፍጻሜ። «ከ0 በላይ» የሚለው «ከ1 በላይ» ሆነ። ኤረሩን የፈታችው አንዲት አሃዝ ናት፤ ያገኟት ግን ኮድ የማያነቡ ሴት ናቸው።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ እንለፋቸው። ጨዋታው በኦሮምኛም በአማርኛም እንዲናገር ፈልጎ ነበር። ኦሮምኛው ከመነሳቱ በፊት እምቢ አለ፤ «ሞአቴ» (አሸነፍክ) የሚለው ቃል በቁቤ ሲጻፍ መሃሉ ላይ ሁዻ የምትባል ጭረት አለችው፣ ያቺ ጭረት ደግሞ ለፓይተን «ጽሑፉ እዚህ አለቀ» የምትል ምልክት ናት። ቃሉን በድርብ ጥቅስ ውስጥ ሲያስገባው ታረቁ። (ነቀምት የኖሩት ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከሙበት፣ በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በፊደል ነበርና ይሄ ጣጣ አልነበረበትም፤ ፊደልም የራሱ ጣጣ አለው።) አማርኛው እስክሪኑ ላይ አምሮ ታየና የአሸናፊውን ስም ፋይል ላይ ሊያስቀምጥ ሲል ወደቀ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ የዚያ ላፕቶፕ ዊንዶውስ ግን ፋይል ሲጽፍ አሁንም የፈረንጅ ፊደል ብቻ የሚያውቅ የኮድ ሠንጠረዥ ይጠቀማል። ፋይሉ ሲከፈት «ዩቲኤፍ 8» ብሎ መንገር ነው፤ የአንድ ቃል መድኃኒት፣ የሁለት ቀን ፍለጋ።

የካቲት መጨረሻ ላይ በፍላሽ ይዞት አዲስ አበባ ገባ። ነቀምት 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ የዚያን ጊዜ መንገድ ደግሞ የወላጅ ሆድ የሚያሳክክ ነበር፤ አዳዳ በየሰዓቱ ለኛ እየደወሉ «ደረሰ?» ይሉናል። በማግስቱ ቢሮው ሄደ። ፍላሹን ሰካ፣ ጀመረ። ሰሌዳው ሊመጣ ሲል ቀይ ጽሑፍ።

በኋላ እንደነገረን ጆሮው ጭው አለ። ሦስት ሰው ከኋላው ቆሟል። አንዱ ስልኩን ማየት ጀምሯል። ልጁ ግን ዓይኑን ወደ መጨረሻዋ መስመር ወሰደው፣ በልማድ። «ፋይል ኖት ፋውንድ ኤረር።» የሰሌዳውን ስዕል የሚፈልገው ከራሱ ላፕቶፕ አድራሻ ላይ ነው፤ የራሱ ስም ካለበት ፎልደር ውስጥ። በዚህ ኮምፒውተር ላይ በሱ ስም የሚጠራ ፎልደር የለም። የነቀምት ቤቱን ቁጥር ይዞ ቦሌ ላይ በር እንደማንኳኳት። አድራሻውን አሳጠረው፤ «ስዕሉ ፕሮግራሙ ካለበት ፎልደር አጠገብ ነው» አለው። ሮጠ። ስልኩን ሲያይ የነበረው ሰውዬ ወንበር ስቦ ተቀመጠና መጫወት ጀመረ። ተሸነፈ።

«ማን ቴስት አደረገው?» ብለው ጠየቁት።

«እናቴ» አለ።

«እንደውልልሃለን» ተባለ። መጋቢት 7 ቀን 2012 ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት እንዲዘጉ ሲወሰን ነቀምት ተመልሶ ነበር። ያ ቢሮም በሩን ዘጋ። ፋሲካ አለፈ። ልጁ ቃሉን ጠብቆ ወፍጮ ቤት ገባ፣ ሁለት ወር አስነጠሰው። ሰኔ ላይ ስልኩ ጮኸ፤ ሥራው ከቤት ሆኖ የሚሠራ ነው፣ ኢንተርኔት አለህ ወይ አሉት። እንደ ዕድል፣ ያኔ ነበረው።

መጋቢት መጨረሻ ኔትወርኩ የተመለሰ ቀን ያንን ሁሉ በስልክ ስናነብለት የከረምነውን ኮድ በቴሌግራም ላከልን። የፕሮግራመር ማስታወሻ በኮድ ውስጥ ከመሰላል ምልክት በኋላ ይጻፋል፣ ማሽኑ አያነበውም። ፍሬ የሚደምረው መስመር ጎን እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «48 መሆን አለበት። ካልሆነ እናቴን ጠይቅ።»